ዋዮሚንግ ላይ መሪው ሲላላ

ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ ተነስተን ወደ ሲያትል ነበር የምንሄደው። እህቴ ወልዳለች። እማዬም ከአዲስ አበባ የመጣችው ልታርሳት ነው። አውሮፕላኑ ላይ ጉልበቷ ስላሰቃያት «ዳግመኛ እዚያ ነገር ላይ አልወጣም» አለች። ስለዚህ ሞተርሆማችንን አወጣን። ለማታውቁት፣ ሞተርሆም አልጋም ኩሽናም ሽንት ቤትም ያለው፣ አውቶቡስ የሚያክል መኪና ነው። የኛ በፎርድ ኤፍ-53 ሻንሲ (አካሉን የሚሸከመው የመኪናው የብረት አጽም) ላይ የተሠራ ነው። ርዝመቱ 11 ሜትር ነው፤ ሲጫን 10 ቶን ይጠጋል። ያገለገለ ነው የገዛነው።

እስከ ሻያን፣ ዋዮሚንግ ድረስ መንገዱ ደህና ነበር። ከሻያን ወደ ምዕራብ ታጥፈን ኢንተርስቴት 80 ላይ ስንወጣ ነገሩ ተለወጠ። ይህ መንገድ ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ኒው ጀርሲ የሚዘልቅ ነው። ከፍተኛው ቦታው ደግሞ እዚሁ ሻያንና ላራሚ መሀል ያለው የሸርማን ጫፍ ነው፤ 2,633 ሜትር። እዚያ ትልቅ የአብርሃም ሊንከን የነሐስ ራስ ቆሟል። ባለቤቴ ፎቶ ልታነሳ ወርዳ በነፋሱ ምክንያት ቶሎ ተመለሰች።

እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ መሪው ላይ ነበር። ትንሽ ወደ ግራ አዞረዋለሁ፤ መኪናው ዝም። ትንሽ ስጨምር ድንገት ይሄዳል። ከዚያ መልሼ ወደ ቀኝ። ተሳቢ መኪና ሲያልፈን መጀመሪያ ወደ መንገዱ ዳር ይገፋናል፤ ቀጥሎ ወደ ራሱ ይስበናል። ሁለቱንም ጊዜ መሪውን መከተል አለብኝ። እማዬ ከኋላ «ቀስ በል ልጄ» ትላለች። ቀስ ብያለሁ እኮ! ላራሚ ስንደርስ ትከሻዬ ደንዝዟል።

ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ከጉዞው በፊት አንድ ጋራዥ አሳይቼው «ሞተርሆም ሁሉ እንደዚህ ነው፤ የመሪ ሾክ ግዛ» ብለውኝ ነበር። የመሪ ሾክ የመሪውን መወዛወዝ የሚያለዝብ ዕቃ ነው። ሾኩ ዋጋው ቀላል አይደለም። አልገዛሁም፤ ባለመግዛቴም ደስ ይለኛል። የላላ ነገር ሳይገኝ ሾክ ማስገጠም በሽታውን መሸፈን ነው። ይህን በደንብ ያስረዱኝ ላራሚ የጭነት መኪና ማቆሚያ ላይ ያገኘኋቸው ሰው ናቸው።

ማቆሚያው ሙሉ ነበር። የመንገዱ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ወደ ምዕራብ ያለው መስመር ለቀላልና ለረጃጅም ተሽከርካሪዎች ተዘግቷል ይላል። ነፋስ ነው። ከላራሚ በኋላ ያለው የኤልክ ማውንቴን መስመር በዚህ የታወቀ ነው። የድሮው መንገድ በሰሜን በኩል በሜዲሲን ቦው ዞሮ ነበር የሚሄደው። በ1970 የተከፈተው አዲሱ መንገድ አቋርጦ በተራራው ሥር ያልፋል። ርቀቱ አጠረ፤ ነፋሱ ግን ባዶ ተሳቢ ይገለብጣል።

እዚያ ቆመን ባለቤቴ ሽሮ ስትሠራ ሽታው ወጣ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። አንድ ጠና ያሉ ሰው፣ በአማርኛ «እንደምን ዋላችሁ፣ የቤት ሽታ ሸተተኝ» አሉ። የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። እዚህ አገር ሳይመጡ በፊት በአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ላይ ተሳቢ ይነዱ ነበር። ከበሉ በኋላ የመሪውን ነገር አጫወትኳቸው። «ጋሼ፣ የመሪውን ጊርቦክስ ላስጠብቀው ይሆን?» አልኳቸው። የመሪው መዞር ወደ ጎማዎቹ የሚተላለፍበት የጥርስ ሳጥን ማለቴ ነው።

«እሱ መጨረሻ ላይ ነው» አሉ። «መሪ ከመሬት ተነስቶ ወደ ላይ ነው የሚፈተሸው። መጀመሪያ ሚዛንና ጎማ። ከዚያ መገጣጠሚያዎቹ። ከዚያ ጊርቦክስ። ወደ አላይመንት፣ ማለትም ወደ ጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ፣ የምትሄደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።»

የማቆሚያው ሚዛን ላይ ወጣን። ሚዛኑ የፊቱንና የኋላውን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማ የሚያያዝበትን ዘንግ) ክብደት ለየብቻ ይነግራችኋል። የኛ ፊት ቀላል፣ ኋላው ከባድ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ከኋላ ጎማ ወደ ኋላ የተረፈው የመኪናው አካል ረጅም ነው፤ እዚያ ላይ የተጫነ ሁሉ ፊቱን ወደ ላይ ያነሳል። የውሃ ታንከራችን ደግሞ ከኋላ ነው። አንድ ጋሎን ውሃ 3.8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የእማዬ የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤና በርበሬም የኋላው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ነበር። ውሃውን ግማሹን ለቀቅን፤ ዕቃውን ወደ ፊት አዛወርን።

ጎማው ላይ ሌላ ነገር ተገኘ። ከመነሳታችን በፊት የሞላልን ቤት ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ቁጥር አይቶ እስከዚያ ሞልቶታል። ያ ቁጥር ጎማው የመጨረሻ ጭነቱን ሲሸከም የሚያስፈልገው ነው። ፊቱ ቀላል የሆነ መኪና ላይ ጎማው ይነፋና መሬት የሚነካው ቦታ ይቀንሳል፤ መኪናው በትንሽ ነገር ይደነብራል። ትክክለኛው የጎማው አምራች ባወጣው ሰንጠረዥ መሠረት በተመዘነው ክብደት ልክ መሙላት ነው። የአንዱ አክስል ጎማዎች እኩል ይሞላሉ፤ ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ይለካል። እንደዚያው አደረግን።

ከዚያ ወደ መገጣጠሚያዎቹ። ይህን ማንም ሰው ከረዳት ጋር ሊሠራው ስለሚችል በዝርዝር ልንገራችሁ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቆማል። የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ጎማዎቹ ሥር ታኮ ይገባል። ሞተሩ ይነሳል፣ የመሪው ጉልበት እንዲሠራ። ባለቤቴ መሪውን በጥቂቱ ግራና ቀኝ ታወዛውዘዋለች፤ እኔና ጋሼ ከፊት በኩል ተኝተን እናያለን። ከላይ ጀምሮ የመሪው ዘንግ ክሮቼራ (ዘንጉ የሚታጠፍበት መጋጠሚያ)፣ ጊርቦክሱ ከሻንሲው ጋር የታሰረበት ቡሎን፣ ከጊርቦክሱ የሚወርደው ክንድ፣ ከዚያ ክንድ ወደ ጎማው የሚሄደው ረጅም ዘንግ፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ታይሮድ። የእያንዳንዱን መጋጠሚያ አንዱን ወገን ታያላችሁ፤ ሲንቀሳቀስ ሌላው ወገን አብሮት መንቀሳቀስ አለበት። አንዱ ሄዶ ሌላው ከቆየ ሌባው እሱ ነው።

የኛ ሌባ የረጅሙ ዘንግ የፊት ቴስቲና፣ ማለትም ጫፉ ላይ ያለው ባለ ኳስ መጋጠሚያ፣ ነበር። የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ ግራሶው ታጥቧል፤ ውስጡ ተበልቷል። ክንዱ ጣት የሚያክል ሄዶ ነው ዘንጉ የሚከተለው። ጋሼ በእጃቸው ነክተው «በዚህ ነፋስ ውስጥ ቤተሰብ ይዘህ አትነዳም» አሉኝ። ድምፃቸው ተቆጥቶ ነበር፤ ልክም ናቸው። ያ መጋጠሚያ ከናካቴው ቢወልቅ መሪው በእጅ ይቀራል፣ ጎማው ወደ ፈለገው ይሄዳል።

ላራሚ ውስጥ ከባድ መኪና የሚሠራ ጋራዥ አገኘን። ዕቃው ከዴንቨር እስኪመጣ እማዬ የዩኒቨርሲቲው ዛፎች ሥር ተቀምጣ ዋለች። መካኒኩ ዘንጉን በሙሉ ቀየረው። ቀጥሎ የሠራው ሥራ ግን ከመቀየሩ ይበልጥ ደነቀኝ።

የመሪ ጊርቦክስ ውስጡ ያሉት ጥርሶች እኩል አይጠብቁም። ቀጥታ ሲነዳ የሚገናኙበት መሀሉ ጠበቅ ያለ ነው፤ ወደ ግራና ቀኝ ሲዞር ይላላል። በዲዛይን ነው። ስለዚህ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጊርቦክሱም ትክክለኛ መሀሉ ላይ መሆን አለበት። የኛ አልነበረም። ከዚህ በፊት አንድ ሰው መሪው ጠሞ ሲያየው ራሱን መሪውን ነቅሎ አቅንቶ መልሶታል። መሪው የቀና ይመስላል፤ ጊርቦክሱ ግን ሁልጊዜ የላላው ቦታ ላይ ነው የሚሠራው። መካኒኩ መሪውን ወደ ቀድሞ ቦታው መለሰ። ከዚያ ጊርቦክሱን መሀሉ ላይ አቁሞ፣ ጎማዎቹን ቀጥ አድርጎ፣ የአዲሱን ዘንግ ርዝመት በዚያ ልክ አስተካከለ።

ጊርቦክሱ ላይ ያለውን ማስተካከያ ቡሎን የነካው ያን ጊዜ ነው። ዳዶውን አላልቶ በጣም በጥቂቱ አጠበቀው፤ ያውም መሀሉ ላይ ቆሞ ብቻ። ዞሮ እያለ ቢጠብቅ መሀሉ ላይ ሲደርስ ይያዛል። ከመጠን በላይ የጠበቀ ጊርቦክስ መሪውን ከመታጠፊያ አይመልስም፤ ጥርሱም ቶሎ ይበላል። ቡሎኑ በእጅ የሚደረስ ስለሆነ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደሱ ነው። እባካችሁ አትንኩት።

ጋሼ ከመሄዳቸው በፊት «ጎህ ሳይቀድ ተነሱ፤ ነፋሱ ያኔ ይተኛል» ብለውን ነበር። እንዳሉት ሆነ። ኤልክ ማውንቴንን ሰላም አልፈን ሮሊንስ ቁርስ በላን። ባለቤቴም ከሮሊንስ እስከ ሮክ ስፕሪንግስ ነዳች፤ ከዚያ በፊት አልሞክርም ትል ነበር። መሪውን ስታዞረው መኪናው ያንኑ ጊዜ ይሰማታል።

አላይመንቱን ያሠራነው ቦይዚ፣ አይዳሆ ነው። ነዳጁም ውሃውም ዕቃውም ሰዎቹም እንዳሉ፤ ክብደቱ ሲለወጥ ባሌስትራው (መኪናውን የሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ) ስለሚለወጥ ባዶውን መለካት ዋጋ የለውም። ፊት ጎማዎቹ ከፊት በኩል በጣም በትንሹ እንዲጠጉ ተደረገ። ባሌስትራውና አክስሉ መሀል ደግሞ ሾጠጥ ያለ ብረት ገባ። ይህ አክስሉን ወደ ኋላ ያጋድለዋል፤ እንደ ብስክሌት ሹካ ማለት ነው፣ ጎማው በራሱ ቀጥ ማለት ይወዳል። መሪው ከመታጠፊያ በራሱ መመለስ ጀመረ።

የብሉ ማውንቴንን ጨርሰን ወደ ፔንድልተን፣ ኦሪጎን ስንወርድ ዋናው ፈተና መጣ። ካቤጅ ሂል ይባላል። በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ 600 ሜትር ገደማ የሚያወርድ፣ ድርብ ጥምዝ ያለው ቁልቁለት ነው። ማርሹን ቀንሼ በዝግታ ወረድኩ። ጥምዙ ላይ መሪውን አንድ ጊዜ አስገብቼ ያዝኩት፤ መኪናው መስመሩን ሳይለቅ ዞረ። እማዬ ከኋላ ምንም አላለችም፤ ተኝታ ነበር።

አሁን ሲያትል ነን። የቀረው አንድ ሥራ ነው። ተሳቢ ሲያልፈን የመኪናው አካል ባሌስትራው ላይ ወደ ጎን መንሸራተቱ ገና አልቆመም። የፊቱን አክስል ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያይዝ ዘንግ አዝዣለሁ። ከመመለሳችን በፊት ይገጠማል፤ ከዚያ እንደገና ሚዛን ላይ ወጥተን ጎማውን በአዲሱ ክብደት እንሞላለን።