የጠላቂ ሰዓትና የሥላሴ ዕለት
በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ፒያሳ ያለችው የሰዓት መጠገኛዬ ከወትሮው ይልቅ ሥራ ይበዛባታል፤ ለበዓል የመጣ ዘመድ ሁሉ የቆመ ሰዓቱን የሚያስታውሰው ያን ጊዜ ነውና። ዘንድሮ ግን ጅቡቲ የሚሠራ አንድ ጎረምሳ ከእናቱ ጋር ሆኖ ያመጣልኝ ሰዓት አልቆመም ነበር። የጠላቂ ሰዓት ነው፤ በጎኑ ካሉት ቁልፎች አንዱ ተጣብቆ አልጫን ብሎታል። በአጉሊ መነጽር ሳየው የባሕር ጨው በቁልፉ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል፤ ከባሕር የወጣ ሰዓት በንጹሕ ውኃ ካልታጠበ መጨረሻው ይኸው ነው። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ስጀምር ልጁ «ጋሼ፣ ካርድ ገዝቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ፤ እናቱ ደጃፉ ላይ ካለው ወንበር ቀሩ።

ቁልፉ መላቀቁን ለማረጋገጥ ደጋግሜ ስጫነው የጥልቀት መዝገቡ ተከፈተ። እንዲህ ያለው ሰዓት ማንም ሳያዝዘው፣ ውኃ ውስጥ ጥቂት እንደወረደ በግፊት መለኪያው አውቆ መመዝገብ ይጀምራል፤ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ የአንድ ከባቢ አየር ያህል ስለሚጨምር ጥልቀቱን ከዚያ ያሰላል፤ ቀኑን፣ የተገባበትን ሰዓት፣ የቆይታውን ደቂቃ፣ ከፍተኛውን ጥልቀትና የውኃውን ሙቀት ያስቀምጣል።

«ምን ይላል ወንድሜ?» አሉኝ እትዬ። የመጨረሻውን አነበብሁላቸው፦ ጃንዋሪ 15፣ 9፡40፣ 24 ሜትር፣ 43 ደቂቃ፣ 26 ዲግሪ።

«በእኛ ስንት ቀን ነው?»

«ጥር 7፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ40።»

እትዬ ነጠላቸውን አጣፉ። ጥር 7 ጎንደር ላይ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ንግሥ ነው፤ እሳቸውም የዚያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሆነው ቢደውሉለት ስልኩ አልነሣ ብሎ፣ ከቀትር በኋላ ራሱ ደውሎ «ቅዳሴ ላይ ነበርሁ» ብሏቸዋል። ደግሞም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚያውቁት የወደብ ቢሮ ጸሐፊ መሆኑን ነው።

«24 ሜትር ምን ያህል ይሆን?» አሉ። ጣና እንኳ በጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ቢሆን ነው አልኋቸው፤ የተመረጠ ማጽናኛ እንዳልነበረ ከፊታቸው ተረዳሁ።

ልጁ ሲመለስ እትዬ በለሰለሰ ድምፅ «ቅዳሴው እንዴት ነበር?» አሉት።

«ደስ ይል ነበር እማዬ።»

«ውኃውስ? 26 ነው አሉ።»

ልጁ እኔን አየኝ፤ እኔ ደግሞ የጸዳውን ቁልፍ እንደገና መቦረሽ ጀመርሁ። ቱሪስቶችን ባሕር ውስጥ እየመራ እንደሚያሳይ ተናዘዘ። ጠንቃቃ መሆኑን ለማስረዳት ሲልም፣ ጥልቅ ውኃ የገባ ሰው በደሙ የሟሟው ናይትሮጅን ሳይወጣ አውሮፕላን ላይ ቢወጣ አረፋ እየሠራ እንደሚጎዳው፣ ደጋግሞ የጠለቀ ሰውም ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት እንዳለበት፣ እሱም ይህን ጠብቆ እንደመጣ ተናገረ። እዚህ ላይ ዝም ቢል ይሻለው ነበር።

«ለካ ትኬት አልቆ አይደለም የዘገየኸው!» አሉ እትዬ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ሰዓቱ የሚጮህ ነገር እንዳለው ጠየቁኝ። የተወሰነ ጥልቀት ሲታለፍ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ አለው። «እንግዲያው በጉልበቱ ልክ አድርግልኝ» አሉ። ልጁ እንጀራዬ ነው እያለ ሲለምን፣ እሳቸው ከጉልበት ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ አንገት ሲጨምሩ፣ ጠበል የያዘ መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ ሲያሸማግል ቆየን። በመጨረሻ «ጣና የበቃው ይብቃው» ብለው 15 ሜትር ላይ ተስማሙ፤ እኔም ሞላሁት።

የቁልፉን ልጁ ከፈለ፤ የማስጠንቀቂያውን እትዬ ከመቀነታቸው ፈትተው ካልከፈልሁ አሉ። ሲወጡ ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ እንዴት እንደሚጠፋ ጠየቀኝ፤ ነገር ግን ከደጃፉ «ምን አለህ?» የሚል ድምፅ ስለተሰማ መልሱን ሳይጠብቅ ሄደ።