መጀመሪያ ለኩ፣ ሮቦቱ ይደርሳል

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት የምንሰበሰብበት የሳይንስ ክበብ አለን። ክበብ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ኮሙናሉ ውስጥ እንጀራ የሚጋግር ወይ በግ የሚያርድ ሰው በሌለበት ሰዓት ኮሚቴው ፈቅዶልን የምንገባ የሰፈር ልጆችና እኔ ነን። አብዛኞቹ ከ6ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ናቸው። ከወላጅ የሚመጣልኝ ጥያቄ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፣ "ሮቦት መቼ ነው የምትሰሩት?"

አልፈርድባቸውም። ቲቪ ላይ የሳይንስ ክበብ ሲባል የሚታየው ልጅ ሪሞት ይዞ ጎማ ያለው ነገር ሲነዳ ነው። የሮቦት ኪት (ተዘጋጅቶ የሚመጣ የመገጣጠሚያ ዕቃ) መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ቢሰጡኝ በሁለት እጄ ነው የምቀበለው። ግን ኪቱ ተቆርጦ ተበስቶ ማንዋል ተጨምሮበት ነው የሚመጣው፣ ልጁ ስዕሉን እያየ ይገጥማል፣ ይሄድለታል፣ ይጨበጨብለታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አለቀ። ለምን ሄደ ስትሉት "ኮዱን ስለጫንኩበት" ይላችኋል። አንድ የማውቀው ትምህርት ቤት እንደውም ኪቱን "ልጆች እንዳያበላሹት" ብሎ ቢሮ ቆልፎበታል፣ እንግዳ ሲመጣ ይወጣል፣ እንግዳው ሲሄድ ይገባል። እኔ ግን ልጅ መጀመሪያ መልመድ ያለበት መለካት ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም የለካ ልጅ ከመጽሐፍም ከአስተማሪም ጋር መከራከር ይጀምራል፣ እዛ ላይ ነው ሳይንሱ ያለው።

ውሃ ማፍላቱን ልንገራችሁ። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፣ ሁሉም በቃላቸው ያውቁታል፣ ለፈተናም መልሰውታል። ቡታጋዝ ላይ ብረት ድስት ጣድን፣ ቴርሞሜትሩን ዝቅ አርገን ይዘን (የድስቱን ታች ሳይነካ፣ እሱ ላይም ጭቅጭቅ ነበር) ጠበቅን። ውሃው ተንፈቀፈቀ፣ ቴርሞሜትሩ 92 አካባቢ ደርሶ ቆመ። እሳት ጨመርን፣ ንቅንቅ የለም። "ቲቸር ይሄ ነገር ሞቷል" አለ አንዱ። እሺ መሞቱን በምን እናውቃለን አልኳቸው፣ ዝም አሉ፣ ከዛ አንዷ በረዶ ላይ ብንሞክረውስ አለች። ከሱቁ ፍሪጅ በረዶ አመጡ፣ ሰባብረው ትንሽ ውሃ አርገውበት ከተቱት፣ ዜሮ ላይ ቁጭ አለ። ቴርሞሜትሩ ደህና ነው ማለት ነው። የቀረው መጽሐፉ ነው።

መጽሐፉም አልዋሸም፣ 100 የሚለው በባህር ወለል ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እኛ ደግሞ ዳር ላይ ትንሽ ከፍ እንላለን፣ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለሉ ሶስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ግን ሲፈላ ያን ያህል ትኩስ አይደለም። በየ300 ሜትሩ በግምት አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። እማዬ ባቄላ አልበስል እያላት ስትበሳጭ የነበረው፣ ፕሬዠር ኩከር ቤታችን ነገር የሚያቀለው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መልስ አገኘ። በሚቀጥለው ሳምንት አንዱ ልጅ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ "እዚህ በ92 ነው የሚፈላው" ብሎ ተናግሮ ተስቆበታል አሉ። እሱ ግን ድጋሚ ካላፈላን ብሎ ድርቅ አለ፣ እንዲህ ያለ ድርቅና ደስ ይለኛል።

አንዳንዴ ይሄን ሁሉ ለማየት ለምን ወደ መሀል ከተማ አትወስዳቸውም የሚለኝ አለ። እንወስዳለን እኮ፣ በ2015 የተከፈተው ሳይንስ ሙዚየም ሄደናል፣ እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፕ ያለውን ኦብዘርቫቶሪ ለማየትም አሰፍስፈዋል። ግን ከዳር ሰፈር ለመጣ ልጅ መገናኛ ድረስ ታክሲ፣ ከመገናኛ ሌላ ታክሲ፣ መመለሻውም እንደዛው፣ ላይ ላዩን ቀላል ይመስላል እንጂ ሁለት ሶስት ልጅ ያለው ወላጅ በየሳምንቱ አይችለውም። ክበቡ ልጆቹ ያሉበት ካልሆነ ክበቡ የሚሆነው ብር ላላቸው ብቻ ነው።

ፀሀይ ደግሞ በነጻ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ዘጠኝ ዲግሪ ወደ ሰሜን ስለሆነች በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሀይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፣ አንዱ ሚያዝያ 5 አካባቢ ሌላው ነሐሴ 23 አካባቢ፣ የነሐሴውን ደመና ይበላዋል። ሰዓቱ ግን ስድስት ሰዓት አይደለም፣ የምንጠቀምበት ሰዓት የተቀመረው ከኛ በስተምስራቅ ላለ መስመር ስለሆነ ፀሀይ አናት ላይ የምትደርሰው 6፡25 ገደማ ነው። ባለፈው ሚያዝያ ከጎናችን ከሚሰራው ህንጻ 1 ሜትር የተቆረጠ ፌሮ ለምነን፣ ከግንበኛው ቱንቢ ተውሰን ቀጥ አርገን አቆምነው። ግንበኛውም ስራውን ትቶ አብሮን ቆመ። ጥላው እያጠረ እያጠረ መጥቶ የፌሮው እግር ስር ጠፋ። የጮኹት ጩኸት ከአራተኛ ፎቅ ሰው አስወጥቷል።

እዛ ላይ ብናቆም ሰርከስ ነው የሚሆነው። ዋናው ነገር በዛው ቀን መቀሌ ላይ የአንዷ ልጅ የአጎቷ ልጅ እንደኛው 1 ሜትር እንጨት አቁሞ ነበር። እሱ ጋ ጥላው አልጠፋም፣ ወደ ሰሜን 8 ሳንቲም ነበር፣ ፎቶውን በቴሌግራም ላከልን። መቀሌ ከኛ ወደ ሰሜን ቀጥ ብላ ነው ያለችው ማለት ይቻላል፣ ለዚህ ነው የተመቸን። ታንጀንት ገና አልደረሱበትም፣ ስለዚህ የኮሙናሉ ወለል ላይ በጠመኔ 1 ሜትርና 8 ሳንቲም አርገን በልኩ ሳልነው፣ አንግሉ በፕሮትራክተር አራት ዲግሪ ተኩል መጣ። ይሄ አንግል ከምድር ሙሉ ክብ፣ ከ360 ዲግሪው፣ በኛና በመቀሌ መሀል ያለው ድርሻ ነው። 360 ሲካፈል ለ4.5 ሰማንያ ነው። በአየር መንገድ ርቀቱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ80 ሲባዛ 40,000። የምድር ዙሪያ ይሄው ነው፣ ጎግልም የሚላችሁ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው። አንዱ ግን 40,000 አልመጣልኝም ብሎ ተናደደ፣ ለካ የመኪናውን መንገድ ነው የያዘው፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በደሴ በኩል ዳገቱንና ጠመዝማዛውን ሁሉ። የሱ ምድር ከኛ ምድር በጣም ትበልጥ ነበር። ኤራቶስቴንስ የሚባለው ሰውዬ ከ2,200 ዓመት በፊት ይሄን ነገር በአሌክሳንድሪያና በአስዋን መሀል እንደሰራው የነገርኳቸው ከዚህ በኋላ ነው፣ አስቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ይሆን ነበር።

ኤሌክትሮኒክስ አንነካም ማለት አይደለም። ከምናለሽ ተራ የሞተ የላፕቶፕ ባትሪ እናመጣለን፣ የምከፍተው እኔ ነኝ (ሊቲየም ከተበሳ ወይ ሾርት ካደረገ ይነድዳል፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ ቻርጅ ማድረግም የልጅ ስራ አይደለም)፣ እነሱ ቴስተር ይዘው ሴሎቹን አንድ በአንድ ይለካሉ። ባትሪው ሞቷል ሲባል ብዙ ጊዜ የሞተው አንዱ ወይ ሁለቱ ሴል ነው፣ ሌላው 3.7 ቮልት ይዞ ተቀምጧል። ደህናዎቹ መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምበት ኤልኢዲ ሆነዋል፣ ሁለት ቮልት ያልደረሱትን እናስወግዳለን።

አርዱይኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) አንድ አለን። ልጆቹ የመረጡት ፕሮጀክት የሮቶ ነው፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው፣ አንዳንዴ ሌሊት መጥቶ ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ ያድራል። በድምፅ የሚለካ ሴንሰር ክዳኑ ላይ አርገን ውሃው የት እንደደረሰ እንዲያሳይ ነው ሀሳቡ። እዚህም ክርክር ተነሳ፣ የውሃው ነገር ስለገባቸው "እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ድምፁም ይዘገያል" አሉ። ግምቱ ብልህ ነው፣ ግን ልክ አይደለም፣ የድምፅ ፍጥነት የሚወስነው ሙቀቱ ነው እንጂ ከፍታው አይደለም፣ በ20 ዲግሪ 343 ሜትር በሰኮንድ፣ በኛ የማለዳ ብርድ 10 ዲግሪ ላይ ወደ 337 ይወርዳል። ማለዳ ላይ ግድግዳ ፊት 1 ሜትር ለክተው ሲያስቀምጡት ሴንሰሩ 2 ሳንቲም ገደማ አስበልጦ አነበበ (ድምፁ ዘግይቶ ሲመለስ ርቀቱ የጨመረ ይመስለዋል)፣ ከሰዓት ተስተካከለ። ሮቶው ገና አላለቀም፣ ሴንሰሩ እርጥበት አይወድም፣ በምን እንደምንሸፍነው እየተጣሉ ነው።

ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማም አውርተናል፣ እሱን ስነግራቸው ሁሌ ጸጥ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዛ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶዱን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ የሞቱትንም ያየ አይጠፋም፣ እሱ ግን ይዞት ላብራቶሪ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አገኙበት። አንዷ ልጅ ይሄን ሰምታ ከሴት አያቷ እንዶድ አስልካለች፣ ቀንድ አውጣ ከየት እንደምናመጣ ግን እስካሁን አልተስማማንም።

አሁን የምፈልገው ሰው ነው። ሞያሌ ወይ ያቤሎ ዘመድ ያላችሁ፣ ለሚቀጥለው ሚያዝያ 1 ሜትር እንጨት የሚያቆም አንድ ልጅ ፈልጉልኝ። እዛ ጥላው በኛ ተቃራኒ ወደ ደቡብ መውደቅ አለበት፣ የኔ ልጆች ግማሾቹ አላመኑኝም።