ሶፋው ባዶ፣ ምንጣፉ ሙሉ

ቤቴ ውስጥ ከቀየርኳቸው ነገሮች የወደድኩት ሁሉ ወይ እንግዳ ሲመጣ ያየሁት ነው ወይ መንገድ ወጥቼ ያገኘሁት፣ ከስልክ ላይ የመጣ አንድም የለም። ፒንተረስት ላይ ሴቭ ያደረግኩት ነጭ ሳሎን፣ ቤጅ መጋረጃ ምናምን እኮ ቡና ለማይፈላበት፣ ልጅ ለማይሯሯጥበት፣ ድንገት ሰው "ቤቶች!" ብሎ ለማይገባበት ቤት ነው።

የኛ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሳሎኑን ያው ታውቁታላችሁ፣ ኤል ሼፕ ሶፋ ከገባ በኋላ ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው። ማህበር እኔ ጋ ሲደርስ ወይ በዓል ሲሆን ግን ሰዉን እያየሁ ስለቤቱ ብዙ ነገር ገባኝ። ትልልቆቹ ሴቶች በክብር ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፣ ትንሽ ቆይቶ ስፖንጁ ወደ ውስጥ ስለሚያሰምጣቸው ሳህን ይዞ መብላት ያቅታቸውና ወደ ጫፍ ይመጣሉ፣ ከዛ "ዱካ የለሽም የኔ ልጅ?" ይመጣል። ቡና ሲቀርብማ አለቀ፣ ሁሉም ረከቦቱ ወዳለበት ይንሸራተትና ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሶፋውን በጀርባው ይደገፈዋል። ያን ሁሉ ብር ያወጣንበት ሶፋ መደገፊያ ሆነ ማለት ነው። የምግብ ጠረጴዛው ላይማ ማንም በልቶ አያውቅም፣ ቦርሳና ነጠላ ነው የሚከመርበት።

ይሄን በሆዴ ይዤ ነው ሐረር የሄድኩት። ለዲዛይን ብዬ አይደለም፣ ድሬዳዋ ሰርግ ተጠርተን ነበርና እዛ ድረስ ሄዶ ሐረርን ሳያዩ መመለስ ነውር ስለሆነ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥተን በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ጀጎል ገባን። ጀጎልን ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፣ ስለ ግንቡና ስለ ጅቡ ሁሉም ሰው ስላወራ እኔ አልደግመውም፣ እኔን የገደለኝ የቤቱ ውስጥ ነው። ከውጪ ጠባብ መንገድና አጥር ብቻ ነው የምታዩት፣ ምንም አያስታውቅም። ጫማ አውልቃችሁ ስትገቡ ግን ሳሎኑ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ነው፣ ነደባ ይሉታል፣ ቀይ ተቀብቶ ምንጣፍና ትራስ ተደርድሮበት። ደሞ ዝም ብሎ ከፍ ዝቅ አላለም፣ እያንዳንዱ የሚቀመጥበት ሰው አለው፣ አሚር ነደባ የሚሉት ለአባወራውና ለተከበረ ሰው ነው፣ ከበር ሲገባ የማይታይ የተሸሸገም አለ። ወንበር የሚባል ነገር የለም፣ ሰው በዛ ብሎ ቤቱ አይጨናነቅም፣ ምክንያቱም ቤቱ ራሱ መቀመጫ ነው።

ቀዩ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ላለቁት ሰዎች መታሰቢያ ነው ብለው ነገሩን። በር ላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ምንጣፍ ካለ ደሞ ቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው አሉ (ባለቤቴ ወዲያው ምንጣፋችንን ዝቅ አድርገን እናንጥፍ አለ፣ ልጃችን ገና ኬጂ ናት)። ግድግዳውን ደግሞ ስፌት ሞልቶታል፣ ሳህኑ፣ ጎድጓዳ የእንጨት ገበታው፣ በግድግዳው ውስጥ የተሰሩት መስኮት መሳይ መደርደሪያዎች ላይ ያሉት እቃዎች፣ ለዕይታ ብቻ የተገዛ ነገር አላየሁም። እቃው ስራ ላይ ሲሆን ይወርዳል፣ ሲያልቅ ይሰቀላል፣ ማስጌጫውም ማስቀመጫውም እሱው ነው። ለኮንዶሚኒየም ሰው ይሄ ወንጌል ነው።

ስመለስ አናጺ ጠራሁ። ከሶፋው አጭሯን ክንፍ አውጥተን በመስኮቱ በኩል 35 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ አሰራሁ፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ብርድ ልብሱ ሁሉ እዛ ገባ። ጠንከር ያለ ስፖንጅ ከመርካቶ። ስፌቶቹን ለመስቀል ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ ሚስማር አይይዝም፣ በድሪል ተበስቶ ፊሸር (ቪቱ የሚገባበት ፕላስቲክ) ያስፈልጋል፣ ይሄን ማንም አይነግራችሁም።

እማዬ መጥታ አየችውና "መደብ?" አለች። "መደብ እኮ እኛ ገጠር ትተነው የመጣነው ነው ልጄ፣ ሰው ከመደብ ወደ ሶፋ ይሄዳል እንጂ..." እውነቷን ነው፣ ለሷ ሶፋ ማለት አዲስ አበባ መግባት ነው። አልተከራከርኳትም። በሳምንቱ ግን ከሳጥኗ የመንዝ ባና፣ ያን ከበግ ፀጉር የሚሰራውን ብርድ ልብስ፣ አውጥታ "ስፖንጁ እንዳይታይ" ብላ አለበሰችው፣ አሁን የሳሎኑ ቆንጆ ነገር እሱ ነው። ለማህበር የመጡት እትዬዎችም ከሶፋው ይልቅ እዛ ነው የሚሽቀዳደሙት፣ ጉልበት አያምም፣ ሳህንም ይመቻል።

የመብራቱን ሀሳብ ደሞ ከዶርዜ ነው ያመጣሁት፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ስትወጡ ያለው። የቀርከሃ ቤታቸው ሽመና ነው በሉት፣ ሽሮ ሜዳ ብዙዎቹ ሸማኔዎች የዛው አገር ሰዎች መሆናቸው እዛ ሲያዩት በደንብ ይገባል። ምስጥ ከስር ሲበላው ቤቱ በየጊዜው እያጠረ ይሄዳል፣ እነሱ ደሞ ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ሊወስዱት ይችላሉ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ እሳቱ ዙሪያ ብቻ ብርሃን አለ፣ ሰው ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባል። እኔ ቤት ግን ጣሪያው መሃል ነጭ አምፖል እንደ ሆስፒታል ኮሪደር ያበራል፣ ሁሉም ሰው የታመመ ይመስላል። እሱን አጥፍቼ ረከቦቱ ጥግ ቢጫ መብራት አደረግኩ፣ አለቀ፣ ከሁሉም ርካሹ ለውጥ ይሄ ነበር።

አንድ ነገር ግን እፈራለሁ፣ የባህል ምግብ ቤት መምሰል። ማሲንቆ ግድግዳ ላይ፣ ቀንድ፣ ጋሻ፣ ማንም የማይጫወተውን የማይዘውን ነገር... እኔ ማሲንቆ አልችልም፣ ለምን እሰቅላለሁ? ስፌቶቹ ግን ለፈንዲሻ ይወርዳሉ።

ቡፌው ላይ እስካሁን አልተስማማንም። ውስጡ ያሉት ብርጭቆዎች የሰርጌ ስጦታ ናቸው፣ ወጥተው አያውቁም፣ እኔ ብርጭቆዎቹን አውጥቼ እየጠጣንባቸው ቡፌውን መሸጥ እፈልጋለሁ፣ እማዬ "ቡፌ የሌለው ሳሎን ሳሎን ነው?" ትላለች፣ ባለቤቴ "ሁለታችሁም ልክ ናችሁ" ይላል። ለጊዜው መኝታ ቤት በር ጀርባ አቁመነዋል፣ በሩ ግማሽ ነው የሚከፈተው።