«ትክክል ነው፤ በዚሁ ቀጥል»

መንዝ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ለሽምግልና ያስቀርባል ብሎ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ያለፈ ጊዜ ግስ እያስተማርሁ ነበር። ሰሌዳው ላይ አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ሠራሁ። በመጀመሪያው ዓምድ አድራጊዎቹ፤ አይ፣ ሂ፣ ሺ። በሁለተኛው ግሶቹ፤ ጌቭ፣ ቱክ፣ ሶልድ፣ ስቶል። በሦስተኛው ተደራጊዎቹ፤ ሂም፣ ኸር፣ ኢት፣ ዜም። በመጨረሻው ደግሞ ከማን፣ ለማን፣ የት የሚለው፤ ፍሮም ኸር፣ ቱ ሂም፣ አት ዘ ማርኬት። ከየዓምዱ እየመረጣችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩ አልኋቸው። ግስ ሁለት ጊዜ እንዳይደገም ለአንድ ወንበር ተቀማጮች የተለያየ ግስ ይድረስ ብዬም አዘዝሁ።

ልጆቹ እዚህ ላይ መደናገራቸው አይፈረድባቸውም። እኛ «ሰረቅሁባት» ካልን አለቀ። ማን እንደ ሰረቀ፣ ማን እንደ ተሰረቀች፣ ነገሩም እንዳለፈ ሁሉ ግሱ ውስጥ ታጭቆ ይመጣል። እንግሊዝኛ ግን ጓዙን አራግፎ በተራ ይደረድራል፤ አድራጊው ከፊት፣ ቀጥሎ ግሱ፣ ከዚያ የተሰረቀው፣ ከዚያ ባለቤቷ፣ በመጨረሻም ቦታው። ስቶል ደግሞ ለማንም ብሎ አይለወጥም። እኔም ብሰርቅ፣ አንቺም ብትሰርቂ፣ እነሱም ቢሰርቁ ያው ስቶል ነው። ተውላጠ ስሙን የዘነጋ ተማሪ ሌባውን አስመለጠ ማለት ነው።

ደብተር ስሰበስብ ያየሁትን አትጠይቁኝ። ግሱን እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ የሰቀለ አለ። «ስቲልድ» ብሎ የፈጠረ አለ። «ፍሮም ሺ» ያለውማ ቁጥር የለውም። በዚህ መካከል አንድ ልጅ በዚያ በመንዝ ብርድ ጣቱ እየቆፈነነ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «አይ ስቶል ኢት ፍሮም ኸር አት ዘ ማርኬት።» አንድም የሚነቀል ነገር የለውም። ደስታዬን መቆጣጠር አልቻልሁም። በቀይ እስክሪብቶ ወፍራም የራይት ምልክት አሳረፍሁበትና ከሥሩ «ትክክል ነው፤ ጎበዝ፤ በዚሁ ቀጥል» ብዬ ፈረምሁ።

ልጁ ደብተሩን ይዞ ቤቱ ገባ። ቡና ተፈልቷል፤ ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። ታላቅ ወንድሙ 9ኛ ክፍል ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ በሰፈሩ እንደ አስተርጓሚ ይታያል። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበና ተረጎመው፦ «ገበያ ላይ ሰረቅሁባት።»

ከቡናው ታዳሚዎች አንዷ በዚያው ሰሞን ጆሮው የተቆረጠ ጥቁር በግ ከገበያ የጠፋባቸው እናት ነበሩ። ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ኢት ያለው ምኑን ነው?»

«ዕቃም፣ እንስሳም ሊሆን ይችላል» አለ አስተርጓሚው። ሰዋስው በትክክለኛ ሰዓት ሲታወቀው አይገርምም?

የልጁ እናት ለመከላከል ሞክረው ነበር አሉ። «አይ ብሏል እኮ! አይ ካለ አልሰረቅሁም ማለቱ አይደለም?» የሰማቸው የለም።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር ተጠራሁ። በርኖስ የደረቡ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ደብተሩ በመካከላቸው ተዘርግቷል።

«መምህር፣ ይህ ቀይ ጽሑፍ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ አባባ።»

«ምን ይላል?»

«ትክክል ነው ይላል።»

«እንዴት አወቅህ?»

ትክክል ያልሁት አነጋገሩን እንጂ ድርጊቱን አለመሆኑን፣ ዓረፍተ ነገር እውነት ሳይሆንም ትክክል ሊሆን እንደሚችል አስረዳሁ። ሽማግሌው በጥሞና ሰሙኝና ጭራቸውን ወዘወዙ። «ውሸት ከሆነ ለምን ትክክል አልኸው? እውነት ከሆነስ ለምን ዝም አልህ?» ሁለተኛው ደግሞ ጣታቸውን ደብተሩ ላይ አሳርፈው፣ «እሱስ ይሁን፤ በዚሁ ቀጥል ያልኸውን ምን እናድርገው?» አሉኝ።

ልጁ ተጠየቀ። «ቱክን ልጽፍ ነበር፤ አጠገቤ ያለው ልጅ ወሰደብኝ» አለ።

«እሱስ የማንን ነው የወሰደው?» አሉ ሦስተኛው ሽማግሌ፣ መዝገቡ እየሰፋ መሆኑ ገብቷቸው።

ከብዙ ክርክር በኋላ በጽሑፍ የመጣ በጽሑፍ ይመለስ ተባለና ልጁ እስክሪብቶ አነሳ። «አይ ጌቭ ኸር ኢት ባክ» ብሎ ሲጀምር አላስቻለኝም። ሁለቱም ተውላጠ ስም ሲሆኑ ዕቃው ቢቀድም፣ ተቀባይዋም በ«ቱ» ብትከተል ይሻላል፤ «ጌቭ ኢት ባክ ቱ ኸር» በል ብዬ አስተካከልሁት።

«ምን አለው?» አሉ ሽማግሌው።

«መጀመሪያ ኢት ይምጣ አልሁት።»

«እውነቱን ነው፤ መጀመሪያ በጉ ይምጣ።»

ልጁ አስተካክሎ ጻፈ። እኔም ነገሩ እንዲያልቅ ብዬ ቀይ ራይቴን አደረግሁበት። ባለበጓ እናት ቀረብ ብለው ምን እንደሚል ጠየቁኝ። «መለስሁላት ይላል፣ እማማ» አልኋቸው።

«ማን ተቀበለ?» ብለው ጮኹ። «ሽማግሌዎች፣ ስሙልኝ! ትናንት ሰረቀ ተብሎ ተጻፈ፤ ዛሬ ተቀበለች ተብሎ ተጻፈብኝ! እሱም በፊርማው አጸደቀው! በጌን ማን ሊሰጠኝ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያም ታላቁ እጃቸውን ዘርግተው ቀዩን እስክሪብቶ ከጣቴ ላይ ወሰዱና፣ በጉ እስኪገኝ በመያዣነት እንዲቀመጥ ወሰኑ። ሰሞኑን በእርሳስ ነው የማርመው።