የላቲን ትምህርቴ እና «ሚሳ» የምትባለዋ ቃል

ሰላም ላቲን የምትማሩ ሁሉ! ዛሬ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው፣ ከጀመርኩ ጀምሮ ስትነዘንዘኝ የከረመችው የካቶሊክ ቅዳሴ ማሰናበቻ «ኢቴ፣ ሚሳ ኤስት» በመጨረሻ ገባችኝ።

ስለ ጀማሪነቱ ብዙ አልልም። ፊደሉና ንባቡ ቶሎ ያልቃል፣ የስሙ መጨረሻ እንደየሙያው መቀያየሩም ግእዝ የነካካ ሰው ብዙ አያስጨንቀውም።

ወደ ሚሳ ልምጣ። ካቶሊኮች ቅዳሴውን ራሱን ሚሳ ይሉታል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሕዝቡን በዚችው አረፍተ ነገር ያሰናብታሉ። «ሂዱ፣ ቅዳሴ ነው» እንዳትሉት ቅዳሴው አልቋል! «ሚቴሬ» መላክ ነውና «ሂዱ፣ ተልካለች» ብትሉት ደግሞ የተላከችው ማናት? የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መሥዋዕቷ ናት፣ በመልአክ እጅ ወደ እግዚአብሔር ተልካለች ብሏል። እንደ ትምህርት በጣም ያምራል፣ እንደ ሰዋስው ግን አልቀበለውም።

እኔን ያሳረፈኝ የኋለኛው ዘመን ላቲን ልማድ ነው። ሰዉ «ሚሲዮ» (ማሰናበት) በማለት ፈንታ «ሚሳ»፣ «ኮሌክቲዮ» (መሰብሰብ) በማለት ፈንታ «ኮሌክታ» ይል ነበር፣ በሰሜን አፍሪካ የካርታጎው ጳጳስ ቆጵርያኖስም በ3ኛው ክፍለ ዘመን ሥርየትን «ሬሚሲዮ» በማለት ፈንታ «ሬሚሳ» ብሎ ጽፏል። ስለዚህ ሚሳ እዚህ ጋ ስም ነው፣ ስንብት ማለት፣ «ሂዱ፣ ስንብት ነው»፣ አለቀ! በዛሬዋ ፈረንሳይ ያለችው የቪየን ጳጳስ አቪቱስ ደግሞ በ500 ዓ.ም. (በፈረንጅ) ገደማ በቤተ ክርስቲያንም በቤተ መንግሥትም በፍርድ ቤትም ሕዝብ ሲሰናበት «ሚሳ» እንደሆነ ይታወጃል ብሎ ጽፏል፣ ስለዚህ ቃሉ መጀመሪያውኑ የቅዳሴ ብቻ አልነበረም። የሴቪሊያው ጳጳስ ኢሲዶር ንኡሰ ክርስቲያን (ገና ያልተጠመቁት) ከሚወጡበት ሰዓት ጋር ያያይዘዋል፣ ያኔ የኛው ዲያቆን «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን» የሚለው ትዝ አለኝ፣ መጨረሻ ላይ «እትዉ በሰላም» ማለቱም እንደዚሁ። የማሰናበቻው ስም ቀስ በቀስ ለጠቅላላው ጸሎት ሆነ ማለት ነው።

ከዕብራይስጥ ነው የሚሉም ነበሩ፣ እኔ ግን አላምንም፣ እንደዚያ ቢሆን ግሪኮቹና ሶርያውያኑ ለቅዳሴያቸው ስም ባደረጉት ነበር፣ ቃሉ ግን ያለው ላቲኖቹ ጋ ነው። ከዚያ ወዲያ የሄደበት መንገድ ራሱ ይገርማል፣ የእንግሊዝኛው ክሪስማስ መጨረሻ ላይ ያለችው «ማስ» እሷው ናት፣ ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ሜሴ ስትባሉ ቅዳሴም የንግድ ትርኢትም ነው፣ ምክንያቱም ነጋዴው በበዓል ቀን ቅዳሴ ለመጣው ሕዝብ ነበር ገበያ የሚዘረጋው።

ምክር ከፈለጋችሁ፣ የእርባ ግሱን ሰንጠረዥ በቃላችሁ ካልያዝኩ ብላችሁ አትታሰሩ፣ እኔ እስካሁን ሙሉውን አልያዝኩትም፣ ሳነብ ነው የሚገባኝ። የቤተ ክርስቲያን ላቲን ከሆነ የምታነቡት ግን የጥንቱን የሮማ ተናጋሪ የሲሴሮን ዘመን መዝገበ ቃላት ብቻ ይዛችሁ አትቀመጡ፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ዱ ካንዥ በ1678 (በፈረንጅ) ያሳተመውን የኋለኛ ላቲን መዝገበ ቃላት ክፈቱ፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ።

ቀጥሎ «ሳክራሜንቱም» ውስጥ ልገባ ነው፣ የሮማ ወታደር መሐላም ነው፣ ተከራካሪዎች የሚያስይዙት ገንዘብም ነው፣ እንዴት ምሥጢረ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ያነበበ ካለ ከየት ልጀምር?