ቴስተሩ ደህና ነው ያለኝ ገመድ

ዴስክቶፑን ከዋይፋይ አላቅቄ በገመድ ላገናኘው ስነሳ የአንድ ከሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከሦስቱ ቀን አብዛኛው ያለቀው ደግሞ ገመዱን በመዘርጋት ሳይሆን እኔው ያበላሸሁትን መልሼ በማቃናት ነው።

ራውተሩ ያለው ሳሎን ነው፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ግድግዳ አልፎ ጓዳ ውስጥ ነው። ዋይፋዩ ድረ ገጽ ለመክፈት አያንስም፤ በቪዲዮ ስብሰባ መሐል ግን ድምፄ ይቆራረጣል፣ ትልቅ ፋይል ሳወርድም መጨረሻው አካባቢ ደርሶ ቀጥ ይላል። ዴስክቶፕ እንደ ስልክ ከክፍል ክፍል አይዞርም፤ አንድ ቦታ ተተክሎ ለሚውል ዕቃ ከገመድ የተሻለ ነገር የለም።

ገመዱ የሚያልፍበትን መንገድ በሲባጎ ለካሁት፤ 16 ሜትር ሆነ። ትርፍ ጨምሬ ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ገመድ 18 ሜትር ገዛሁ። ለእንዲህ ዓይነቱ ገመድ የተቀመጠው ጣሪያ 100 ሜትር ስለሆነ ርዝመቱ አላሳሰበኝም። በሰከንድ ለ1 ጊጋቢት ፍጥነት ከእሱ ዝቅ ያለው ደረጃ፣ ካት 5ኢ፣ ይበቃኝ ነበር፤ ግን አንዴ ግድግዳ ላይ ከተቸነከረ በኋላ ዳግመኛ መንቀል አልፈለግሁም። ጫፉ ላይ ኮኔክተር የተገጠመለት ገመድም ይሸጣል፤ እሱ ግን በግድግዳ ለማለፍ ሰፊ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ባዶው በጠባብ ቀዳዳ ይሾልካል። ስለዚህ አር ጄ 45 ኮኔክተሮች (የገመዱ ጫፍ መሰኪያዎች)፣ እነሱን ጨምቆ የሚገጥም ክሪምፐርና ያገኘሁትን ርካሽ የገመድ መፈተሻ ቴስተር ጨምሬ ወደ ሥራ ገባሁ።

ዝርጋታው ቀላል ነበር። ከኤሌክትሪክ መስመር አራቅሁት፣ ማዕዘን ላይ ሳላጥፈው በሰፊው አዞርሁት፣ ማሰሪያዎቹንም ገመዱን እስኪጨፈልቁት አላጠበቅኋቸውም።

ጉዱ የመጣው ከጫፉ ነው። የውጭውን ፕላስቲክ ስልጠው ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ወጡ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተጠማዘዙ አራት ጥንዶች። ፈታትቼ እያንዳንዱን ከጥንዱ ጎን አሰለፍሁ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ለዓይን ያምራል። በሌላው ጫፍም ያንኑ ደገምሁ። ትክክለኛ ቅደም ተከተል እንዳለ ሰምቼ ነበር፤ ነገር ግን ሽቦ ያው ሽቦ ነው፣ ሁለቱ ጫፎች እስከተመሳሰሉ ድረስ ምን ለውጥ ያመጣል ብዬ ናቅሁት። ቴስተሩ ላይ ስሰካውም ከ1 እስከ 8 ያሉት መብራቶች በሁለቱም በኩል በየተራ በሩ። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ።

ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካው የፖርቱ መብራት በራ። ኢንተርኔቱ ግን ለአፍታ ብቅ ይልና ይጠፋል። የኮምፒውተሩን የኔትወርክ አድራሻ በሚያሳየው ትእዛዝ፣ አይፒኮንፊግ ብዬ ሳይ፣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይዟል። ይህን አድራሻ ራውተሩ አልሰጠውም፤ ኮምፒውተሩ አድራሻ ስጡኝ ብሎ ሲጠይቅ መልስ ካጣ ለራሱ የሚያወጣው ነው። ጥያቄው ወይም መልሱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው። መንገዱ ደግሞ ገመዱ ነው። እኔ ግን፣ ቴስተሩ ደህና ነው ብሎኛልና፣ ገመዱን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አውጥቼዋለሁ።

ስለዚህ በማግሥቱ ስክሪኑ ላይ ተጥጄ ዋልሁ። አድራሻውን በእጄ ጻፍሁ። የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር አራግፌ መልሼ ጫንሁ። ፋየርዎሉን ዘጋሁ። ማምሻውን ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መለስሁት፤ የቤቱ ስልክ በሙሉ ከዋይፋይ ወጣ። ቤተሰቡ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ምን እንደቀየርሁ እንኳ የትም አልመዘገብሁም።

በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ራውተሩ አጠገብ አስቀመጥሁትና ከራውተሩ ጋር በመጣው አጭር ገመድ አገናኘሁት። ፒንግ (ትንሽ መልእክት ልኮ መልስ የሚጠብቅ ትእዛዝ) ወደ ራውተሩ፦ ከመቶው አንድም አልጠፋም። በዚያው ቦታ ረጅሙን ገመድ ሰካሁ፦ ከሦስቱ አንዱ ገደማ መልስ አጣ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ይህን በመጀመሪያው ምሽት ባደርገው ኖሮ ፋየርዎሉንም የቤተሰቡንም ሰላም ባልነካሁ።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሽቦዎቹ የተጠማዘዙት ለጌጥ አይደለም። በጥንዱ አንደኛው ሽቦ የሚሄደው ምልክት በሌላኛው ተገልብጦ ይሄዳል፤ ተቀባዩ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ያነብባል። ከውጭ የሚመጣ ረብሻ አብረው የተጠማዘዙትን ሽቦዎች እኩል ስለሚነካቸው፣ ልዩነቱ ሲወሰድ እርስ በርሱ ይጣፋል። ኮኔክተሩ ላይ ታዲያ ጥንድ የሚባሉት ፒኖች (ሽቦዎቹ የሚገቡባቸው ስምንት ቦታዎች) 1 ከ2፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5፣ 7 ከ8 ጋር ናቸው። ይህ 3 ከ6 ነው ጉድ የሠራኝ። በእኔ አሰላለፍ 3ኛው ነጭ አረንጓዴ፣ 6ኛው ሰማያዊ ነው፤ ከተለያየ ጥንድ የመጡ ባዕዳን። አንዱን ምልክት ተካፍለው ይሸከማሉ፣ ግን አብረው ስላልተጠማዘዙ ረብሻውን መመከት አይችሉም፤ ይባስ ብለውም የጎረቤቶቻቸውን ምልክት ይቀላቅላሉ። ገመዱ ሁለት ሜትር ቢሆን ምናልባት ሳላውቀው እኖር ነበር፤ በ18 ሜትር ግን አልተደበቀም። ቴስተሩም አልዋሸም። የኔው ዓይነት ርካሽ ቴስተር የሚያውቀው ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን ብቻ ነው፤ ከማን ጋር እንደተጠማዘዘ አይጠይቅም። እኔ ነኝ ያልተናገረውን የሰማሁት።

ሁለቱንም ጫፍ ቆርጬ እንደ አዲስ ጀመርሁ፣ አሁን በቲ568ቢ አሰላለፍ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን መሐል አስገብቶ ግራና ቀኝ ይቆማል፤ ለዓይን አያምርም፣ ይሠራል። ቲ568ኤ የሚባለው ብርቱካናማና አረንጓዴውን ያቀያይራል፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ የትኛውም ይሆናል። ጥምዝማዙንም ከ13 ሚሊሜትር በላይ አልፈታሁም። በመጀመሪያው ጊዜ እንዲመቸኝ ብዬ ሦስት ጣት ያህል ፈትቼው ነበር።

ፒንግ ወደ ራውተሩ አሁን ሙሉ በሙሉ መለሰ። ኢንተርኔት ግን የለም! ኢንተርኔት ላይ ወዳለው የጉግል አድራሻ፣ 8.8.8.8፣ ፒንግ ብል ዝም። ለደቂቃ ያህል ገመዱን ዳግም ልቆርጠው መቀሱን አነሳሁ። ራውተሩ እየመለሰ ከእሱ ወዲያ ያለው ዝም ካለ ግን ጥፋቱ ገመዱ ላይ ሊሆን አይችልም። ቅንብሩን ስከፍተው፣ ትናንት በእጄ ስጽፍ ጌትዌዩን (ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣውን የራውተሩን አድራሻ) 192.168.1.1 ማለት ሲገባኝ 192.168.1.11 ብዬዋለሁ። አንዲት ትርፍ ጣት። አድራሻ በራሱ ይቀበል ወደሚለው መለስሁትና ወዲያው ገባ።

እዚህ ላይ ላቆም እችል ነበር። ፋይል ሳወርድ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ ከ11 ሜጋባይት አልፎ አልሄድ አለ። የግንኙነቱን ሁኔታ ስመለከት 1 ጊጋቢት መሆን የነበረበት 100 ሜጋቢት ይላል (8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው)። 100 ሜጋቢት ሁለት ጥንድ ብቻ፣ ማለትም ፒን 1፣ 2፣ 3 እና 6ን፣ ይጠቀማል፤ ጊጋቢት ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ከቀሩት አራት ሽቦዎች አንዱ ቢጎድል ካርዱ ያለ አቤቱታ ወደ 100 ይወርድና መብራቱም በርቶ ይቀጥላል። ኮኔክተሩን ወደ ብርሃን አዙሬ ከፊት ለፊት ሳየው ሰባቱ የመዳብ ጫፎች ይታያሉ። ቡናማው አጥሮ ቀርቷል።

ይህንን ቴስተሩ በአንድ ሰከንድ ይነግረኝ ነበር፤ 8ኛው መብራት አይበራም። ግን ተቀይሜው ስለነበር ከመሳቢያ አላወጣሁትም። ጫፉን ቆረጥሁ፣ ሽቦዎቹን እኩል ከርክሜ እስከ ኮኔክተሩ ግንባር ገፋኋቸው፣ ስምንቱንም በዓይኔ ቆጥሬ ከዚያ በኋላ ጨመቅሁት። ቴስተሩንም ይቅርታ ጠይቄ አወጣሁት። ስክሪኑ 1 ጊጋቢት አለ። ፒንግ ወደ ራውተሩ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይመልሳል፣ ስብሰባ ላይም ድምፄ አይቆራረጥም። የቀረኝ ሥራ የቤቱን ስልኮች አንድ በአንድ ወደ ዋይፋዩ መመለስ ነበር፤ እሱም ሌላ አንድ ምሽት ወሰደ።