ከግሬድ ቢሙ ሥር የነበረው ክፍተት

ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ 15 ሴንቲ ሜትር ክፍተት አለ። ዋልካ አፈር ላይ በሚሠራ ባለ አንድ ፎቅ ክሊኒክ የሳይት መሐንዲስ ነበርሁ። ፕላኑ በግሬድ ቢሙ (ግድግዳውን በሚሸከመው የአርማታ አግዳሚ) እና በአፈሩ መካከል ይህን ያህል ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ማብራሪያ ግን የለውም። የአሣሣል ስሕተት መሰለኝ። ፎርማኑን «ጋሼ፣ በገረጋንቲ ይሙሉት» አልኋቸው። «ኢንጂነር፣ እንዲያው በከንቱ የተተወ አይመስለኝም» አሉኝ። አልሰማኋቸውም። ንድፉን ለሠሩት ጡረተኛ መሐንዲስም አልደወልሁም።

ክረምት ገባ። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥም የተጫነውን ሁሉ ሽቅብ ይገፋል። ያ ክፍተት ለእብጠቱ መተንፈሻ ነበር። እኔ ስደፍነው ግፊቱ በገረጋንቲው በኩል ወደ ቢሙ ዘለቀ። መስከረም ላይ የብሎኬት ግድግዳው ከመስኮቶቹ ማዕዘን በሰያፍ ተሰነጠቀ፤ ሁለት በሮችም አልዘጋ አሉ።

የክፍተቱ ምክንያት የተቀመጠው በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ሰውየው ጡረታ ሲወጡ አብሯቸው ወጣ። ከዚያ ወዲህ ውሳኔን ከነምክንያቱ በካርታ መልክ ለመሣል የሚያገለግለውን ኮምፔንዲየም የተባለ ነፃ ሶፍትዌር መጠቀም ጀመርሁ። በእንግሊዝ አገር ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የዳበረ ሲሆን፣ መሠረቱ ሆርስት ሪተልና ቬርነር ኩንዝ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረቡት አይቢስ የሚባል ዘዴ ነው። ጥያቄው በጥያቄ ምልክት፣ አማራጭ ሐሳቡ በአምፖል፣ ድጋፉና ተቃውሞው በመደመርና በመቀነስ ምልክት ተሥለው በመስመር ይያያዛሉ። የአፈር ምርመራው ውጤትም እዚያው ይንጠለጠላል። ከሁሉ የምወድለት ውድቅ የተደረገው ሐሳብ ከነምክንያቱ መቆየቱን ነው፤ ቃለ ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘግበው የጸደቀውን ብቻ ነውና። ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ለማያውቅ ሰው ስሕተት የሚመስለውን ውሳኔ እናስቀድማለን።

በኋላ ጡረተኛውን መሐንዲስ ይቅርታ ጠይቄ ወደ ቢሮ ጋበዝኋቸው። የቆዩ ፕላኖቻቸውን ዘርግተን ሦስት ከሰዓት በኋላ አብረን ካርታ ሣልን። አንድ የመሠረት ጥልቀት ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይህን ለምን እንዳደረግሁት አላስታውሰውም» አሉ።

የጥያቄ ምልክቱን ሣልን፤ አምፖል አላያያዝንበትም። ያንን ፕላን የሚከፍት ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እሱን ነው።